ና ዱባ

ጥር 9 ቀን 1979

አይደለም! ትምህርት ያቆምኩት ስለከበደኝ አይደለም። ስንቴ ልናገር? የሒሳቡ አስተማሪ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «ከየትም ተለቅማችሁ እየመጣችሁ» ስላለኝ ነው። እኔም ጠመኔውን ከእጁ ነጥቄ መስኮት አሳልፌ ወረወርኩት። ይቅርታ ጠይቅ ተባልኩ፣ አልጠየቅኩም፣ በቃ። አባዬ ይሄን ሁሉ ይዘልና ለእህቴ «አስራ አንደኛ ክፍልን ያልጨረሰ ሰው አርባ ሁለት ኪሎሜትር ሊጨርስ ነው» ይላታል፣ እኔ ማዕዱ ላይ የሌለሁ ይመስል። እራቴን ትቼ ተነሳሁ። አሁን ርቦኛል፣ ተመልሼ ግን አልገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጋቢት ላይ የማራቶን ውድድር አለ። ከጊንጪ ትንሽ ወደ አዲስ አበባ አለፍ ብሎ ይነሳል፣ አስፋልቱን ይዞ አምቦ ይገባል። እስከ ሦስተኛ የወጡትን የአዲስ አበባ ክለብ ይወስዳቸዋል ተብሏል። ማደሪያ፣ ምግብ፣ ደሞዝ። ክለብ የገባን ልጅ ደሞ ቀበሌ ለውትድርና አይመዘግበውም ይባላል። ትምህርትም ሥራም የሌለው ጎረምሳ ዘንድሮ ምን እንደሚጠብቀው አባዬም ያውቃል። ከግብርና መሥሪያ ቤት ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ጫማዬን የሚፈልገው ለዛ መሰለኝ፣ መኖሬን ሊያረጋግጥ።

አሰልጣኛችን ጋሽ ሞቱማ የድሮ የፖሊስ ሯጭ ነው። «ማራቶን ሮጬ አላውቅም» ስለው «ማንም ሮጦ አያውቅም፣ እስኪሮጥ ድረስ» አለኝ።

ጥር 13

የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። አመለሸጋ ገልብጣ አየችውና «ይሄ ሊነቀል ነው» አለች። እህቴ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ናት። ቤታችን ውስጥ አመል ሲታደል ሁሉንም ለስሟ ወስዳው ለኔ አልተረፈም። የሸራ ጫማው በካልሲ ይጠባል፣ ያለ ካልሲ ይልጣል። ቫዝሊን ቀባ አለችኝ። ደክሞኛል።

ጥር 20

ጋሽ ሞቱማ ዛሬ ጥንድ ጥንድ አደረገን። እኔን ከቀንዓ ጋር። «ንዋይ፣ አንተ ወረቀት ነህ» አለኝ፣ «ቦግ ብለህ ትጠፋለህ። ቀንዓ ግንድ ነው። ሠላሳኛው ኪሎሜትር ላይ የሚሞቀው ግንድ ነው።» ልጆቹ ሳቁ። እኔም መልስ አላጣሁም፤ «ግንድ እኮ ያለ ወረቀት አይያያዝም» አልኩ። ጋሽ ሞቱማ ራሱ ጥርሱን ደበቀ።

ቀንዓ የደንዲ ገበሬ ልጅ ነው። ቤታቸው ከጊንጪ በእግር ሩቅ አይደለም። አምቦ አክስቱ ቤት የተቀመጠው ለልምምዱ ነው። ተረጋግቶ ሲቀመጥ ጥሩ አማርኛ ይናገራል። ሲሮጥ፣ ሲደነግጥና ሲስቅ ግን ሁሉም በኦሮምኛ ነው። እኔ ደሞ ከደብረ ብርሃን ከመጣን ሁለት ዓመታችን ነው፣ ኦሮምኛዬ ከ«አካም» ብዙ አይርቅም። «ላስተምርህ» ይለኛል። «ሩጫው ይብቃኝ» እለዋለሁ።

እናቱ አዴ ሲንቄ በአውቶብስ ጩኮ ልከውለት ነበር። የገብስ ቆሎ ዱቄት በቅቤ የተለወሰ ነው፣ አንድ ጉራሽ ሆድ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይውላል። ጉደር መንገድ ዳር ተቀምጠን ለሁለት ገመሰው፣ ትልቁን ለኔ።

«ለምን ትልቁን?»

«አንተ ነህ ቶሎ የሚያልቅብህ።»

ስድብ ይሁን ደግነት አልገባኝም። በላሁት። እየበላን ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ነገርኩት። ደብረ ብርሃን እያለሁ ወፍራም እንደነበርኩ። ስሜ ዱባ እንደነበረ። «ዱባ መጣ፣ ዱባ ተንከባለለ» እያሉ እስከ ቤት እንደሚሸኙኝ። ቀንዓ አልሳቀም። የወደቀውን ፍርፋሪ ከሱሪው ላይ እየለቀመ «አሁን የት አለ ዱባው?» አለኝ ብቻ።

ጥር 24

ቀበሌው ለሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔ ከንጋት ጀምሮ ሰዉን አሰልፏል። ልምምድ የለም። እግሬ አመሰገነ።

ጥር 29

ዳገት። ዳገት። ዳገት። ቀንዓ «ሱታ፣ ሱታ» ይላል። ቀስ በል ማለት ነው፣ ይቺን አውቄያለሁ። እምቢ ብዬ ቀደምኩት። ከዛ ጥሎኝ ሄደ። ከዛ ጫፉ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ያናደደኝ መጠበቁ ነው።

የካቲት 8፣ እሑድ

ጨርሻለሁ ከሱ ጋር።

ጉደር ደርሰን እየተመለስን ነበር። ስንሄድ ነፋሱ ከኋላችን ስለነበረ እንደ ወፍ ነው የሄድነው። ስንመለስ ግን ፊት ለፊት መጣብን፣ አቧራውን ከነገለባው። እኔ ከቀንዓ ጎን ነበርኩ፣ እንደውም ግማሽ እርምጃ ቀድሜው። ሌሎቹ ልጆች ከኋላችን ናቸው። ድንገት ፈጠን ብሎ አለፈኝና ዞሮ «ና ዱባ!» አለኝ።

ያልሰማሁ መሰልኩ።

«ና ዱባ! ንዋይ፣ ና ዱባ!» በእጁም ጭምር እያወናጨፈ፣ ውሻ እንደሚጠራ። ከኋላ አንዱ ሳቀ።

ለካ ያን ቀን ያልሳቀው ለዛሬ ሊያስቀምጠው ነው! ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሰው ብቻ ባወራ በሰው ፊት ይጥራኝ? አስራ ስምንት ዓመት ሆኖኝ?

ገፋሁት። ከአስፋልቱ ጠርዝ ጠጠሩ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። አንድ ቃልም ተናገርኩት። እሱን አልጽፈውም።

«ንዋይ?» አለ ከመሬት ሆኖ። ስሜን፣ እንደ ጥያቄ።

ብቻዬን ሮጬ ገባሁ፣ በጣም ፈጥኜ። ጋሽ ሞቱማ ሰዓቱን አየ፣ ከዛ መንገዱን አየ።

የካቲት 9

አመለሸጋ ስትገባ እጇን ሳትታጠብ ነው የጀመረችው።

«የጓደኛህን ጉልበት ዛሬ እኔ ነኝ ያጠብኩት። ጠጠር ለቀምኩለት። ‹ወድቄ ነው› አለኝ።»

«ታዲያ ወድቆ ነው።»

«ይዘውት የመጡት ልጆች ሌላ ነው ያሉት። ምን እንዳልከውም ነገሩኝ።»

«ምን አሉሽ?»

«አንተ ነህ የተናገርከው፣ እኔ ልንገርህ?» አለችና እጇን እየታጠበች ደሞ፣ «አባዬ እዛ መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ማንን ሲያስተናግድ የሚውል ይመስልሃል? የምትበላውስ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል?»

ሰድቦኝ ነው አልኳት። ምን ብሎ ስትለኝ ጫማዬን አንስቼ ወጣሁ።

የካቲት 11

ቀንዓ ጉልበቱን ጠቅልሎ በጠዋቱ አውቶብስ ወደ ደንዲ ሄደ አሉ። ጋሽ ሞቱማ ጠራኝ።

«ለምን ገፋኸው?»

«ሰድቦኝ ነው።»

«ቀንዓ? ሰደበህ?» ሳቅ ሊመጣበት ምንም አልቀረው። «ምን አለህ?»

ዱባ አለኝ ልበል?

«የመሮጫ ቁጥሩን አልሰርዘውም» አለ።

አይሰርዘው። ቀንዓ እንደሆነ ሄዷል። ይሻለኛል። ለሦስት ቦታ አንድ ተቀናቃኝ ቀነሰ። ይሄን ስጽፍ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

የካቲት 16

ጾም ገባ። ብቻዬን በጊንጪ መንገድ ወጣሁ። ሆዴ ውስጥ በሶ ብቻ ነው ያለው። ስመለስ ድልድዩ ጋ አስመለሰኝ። ስሄድ ፊት ለፊት የመጣብኝ ነፋስ ድሮም እንዲህ ከባድ ነበር እንዴ? ከጥር ጀምሮ በዚሁ መንገድ እየሮጥኩ አንድም ቀን አልታወቀኝም ነበር።

የካቲት 18

ጋሽ ሞቱማ ማታ ማታ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ውድድሩን ሩጡት ይለናል። እየሞከርኩ ነው። ከመነሻው እስከ አጋማሹ በደንብ ይታየኛል። ሠላሳው ላይ ስደርስ ይጨልማል። እዛ ምን እንዳለ አላውቅም፣ ሮጬ አላውቅማ። ጎኔ ሰው ነበረ፣ አሁን የለም። ዓይኔን እገልጣለሁ። እንደገና ከጊንጪ እጀምራለሁ።

የካቲት 20

የአውቶብሱ ረዳት ተሬፋ መናኸሪያ ጋ ጠራኝና በቅጠል የተጠቀለለ ነገር በእጄ አስያዘኝ።

«ከአዴ ሲንቄ ነው።»

«ለኔ?»

«‹ልጄስ ወድቆ መሮጥ አልቻለም፣ ጓደኛው ግን ብቻውን ቀርቷልና ስንቅ አይጣ› ብለዋል።»

ጩኮ ነው። እንግዲህ ለእናቱም ወድቄ ነው ብሏቸዋል ማለት ነው። ቅቤ አለበት፣ ጾም ነው ብዬ ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት። ጾም ባይሆንም አልበላውም ነበር። ልብሴ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

የካቲት 25

እትዬ ዘነበወርቅ ሻይ ቤት በር ላይ ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ከባኮ በቆሎ የጫነ ከባድ መኪና መናኸሪያውን አልፎ እየበረረ መጣ። አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን ይዛ መሻገሪያው ላይ ነበረች። ልጁ ወደ አስፋልቱ ሲያመልጣት በአንድ እጇ መለሰችውና ጮኸችበት።

«ና ዱባ! ና ዱባ!»

ልጁ ሮጦ ከቀሚሷ ኋላ ተደበቀ። መኪናው አለፈ። አቧራውን፣ ነፋሱን፣ ጠጠሩን ሁሉ እሷ በፊቷና በነጠላዋ ተቀበለችው። ልጁን አንድም አልነካው።

እንዲያውም ቀጫጫ ልጅ ነው።

«እትዬ ዘነበወርቅ፣ ይቺ ሴት ልጇን ለምንድነው ዱባ የምትለው?»

«ማንን?»

«ልጇን። ‹ና ዱባ› አለችው እኮ።»

ብርጭቆውን አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተ ልጅ! ሁለት ዓመት እዚህ ሻይ ጠጥተህ? ዱባውማ በኦሮምኛ ቡቄ ነው። ‹ና ዱባ› ከኋላዬ ሁን ማለት ነው።» እንባዋን ጠርጋ አየችኝ። «ምነው? ምነው ገረጣህ?»

ከኋላዬ ሁን።

የካቲት 26

አልተኛሁም። ያቺን እሑድ ደጋግሜ አየኋት። እጁን እያወናጨፈ ጠራኝ ብዬ አልነበር የጻፍኩት? ሲጠራኝ አልነበረም። ወደ ጀርባው እያሳየኝ ነበር። ነፋሱ ሲመጣ ፈጥኖ ያለፈኝ ሊቀድመኝ አልነበረም። ቶሎ የሚያልቅብኝ እኔ ስለሆንኩ ነፋሱን ሊይዝልኝ ነው። ጥር ሙሉ በዛ መንገድ ስሮጥ ነፋስ ያልታወቀኝ ፊት ፊቴ ጀርባው ስለነበረ ነው። ዞር በልልኝ አልኩት እንጂ አንድም ቀን አመስግኜው አላውቅም።

የሳቀው ልጅስ? ከኋላ ሁን ሲሉት እንደ በሬ አንገቱን የሚያደነድን ሰው አይቶ ማን የማይስቅ አለ?

ኦሮምኛ አላውቅም ነበር ብዬ ላመልጥ እችላለሁ። «ይቅርታ» ግን አማርኛ ነው። እሱንስ መች አውቀዋለሁ።

መጋቢት 2

ሄጄ መጣሁ። ባልሄድ ይሻል ነበር።

ከጊንጪ ወርጄ እየጠየቅኩ ቤታቸው ደረስኩ። አባቱ ኦቦ ጂራ በር ላይ ተቀብለው ትከሻዬን ይዘው «የልጄ ጓደኛ!» አሉኝ። ማ እንደሆንኩ በደንብ ያውቃሉ፣ ምን እንደሆንኩ ግን አያውቁም። ቀንዓ ከቤቱ በታች በሬዎቹን ሊጠምድ ነበር።

«መጣህ» አለኝ።

«መጣሁ። ጉልበትህስ?»

«ይታጠፋል።»

ከአምቦ ጀምሬ ሳጠናው የመጣሁት ንግግር ነበረኝ። በሱ ፋንታ «ውድድሩ ቀርቧል እኮ» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ቀንበሩን አነሳ። «ሥራ አለኝ» አለ። ከዛ ቀና ብሎ ዓይኔን አየና «ገበሬ ነኝ እኮ» አለኝ።

በአማርኛ ነው ያለው። ጥርት ባለ አማርኛ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ወይ ቀንበሩን አብሬው መያዝ። እኔ ምን አደረግኩ? ፊቴ ተቃጠለና «ታዲያ በአማርኛ አትለኝም ነበር!» ብዬ ጮህኩበት፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ በሬዎቹ ፊት።

«ምኑን?» አለ። እውነትም አልገባውም። እንዴት ይግባው? ለምን እንደገፋሁት እስከ ዛሬ የነገረው የለም።

ዞሬ ሄድኩ። ኦቦ ጂራ «ሳትበላ? ልጄ፣ እህል ሳትቀምስ?» እያሉ እስከ አጥሩ ተከተሉኝ። አውቶብስ ላይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 5

አባዬ ለጎረቤት ሲያወራ በግድግዳው ሰማሁት። «መጨረሱንስ ይጨርሳል፣ ልጄ እልኸኛ ነው። እልሁ ነው የሚያሳዝነኝ። ከማን እንደወረሰው አውቃለሁ።» ወጥቼ ላቅፈው አሰብኩ። አልወጣሁም። ከሱ ነዋ የወረስኩት።

መጋቢት 8

ተሬፋ ከአውቶብሱ ሳይወርድ ነው የጮኸልኝ። «ያ ጓደኛህ አልዳነም ያለው ማነው? ጊንጪ ዳገቱ ላይ በጠዋት ከኛ ጋር ሲሽቀዳደም አየነው! ሾፌሩ ጡሩምባ ቢነፋለት ጭራሽ ጨመረ!»

እየሮጠ ነው። እየሮጠ ነው! በሬ ይጠምዳል፣ ሰው ሳያየው ይሮጣል። ልቡ ከሩጫው አልቀረም፣ የቀረው ከኔ ጋር መሮጡ ነው።

ለጋሽ ሞቱማ በሩጫ ሄጄ ነገርኩት። ብዙ አላሰበም። «ቅዳሜ ሲመሽ የስሞቹን ዝርዝር ለአዘጋጆቹ አስረክባለሁ። እስከዛ ቀንዓ ራሱ በድምፁ ‹እሮጣለሁ› ካለኝ ቁጥሩ የሱ ነው። አለበለዚያ የጉደሩ ልጅ እየለመነኝ ነው፣ እሰጠዋለሁ። በሰው አፍ አልቀበልም። ባንተ አፍ ደሞ በተለይ።»

እውነቱን ነው።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ ጠዋት

ቀንዓ፣

ይሄን ደብተር ተሬፋ ነው የሚያደርስልህ። ደብዳቤ ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር፣ ደብዳቤ ላይ ግን አሳምሬ እዋሻለሁ። ይሄኛውን ማንም ያነበዋል ብዬ አልጻፍኩትም። የዋሸሁበት ቦታም ያስታውቃል። መጀመሪያ የካቲት 8ን አንብብ፣ ከዛ የካቲት 25ን። ካነበብክ በኋላ ብትስቅብኝ መብትህ ነው። እትዬ ዘነበወርቅ እስከ ዛሬ ትስቃለች፣ ስገባ «ና ቡቄ» ነው የምትለኝ።

የካቲት 8 ላይ አልጽፈውም ያልኩት ቃል አለ። አንተ ሰምተኸዋል፣ ደብተሩ ግን አልሰማውም። «ድሮስ ገበሬ» ነው ያልኩህ። እንደ ስድብ አድርጌ ነው ያልኩህ። አባትህ አርሰው ያበቀሉትን፣ እናትህ ቆልተው የለወሱትን ገብስ በልቼ፣ ጉደር ደርሼ የተመለስኩትም በሱ ጉልበት ሆኖ፣ ያንን ቃል አወጣሁ። አንተ ያልከኝ ባይገባኝ ቋንቋ ነው። እኔ ያልኩህን ግን ሁለታችንም አውቀነዋል።

ለአስተማሪው አልጠየቅኩም፣ ለአባዬ አልጠየቅኩም፣ አንተም ጋ መጥቼ ጮኼ ተመለስኩ። ይቅርታ አድርግልኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት። እጄ አልተቆረጠም።

ነገ ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሆነ እስከ አምቦ ከጀርባችን ነው ይላል ጋሽ ሞቱማ። እንግዲህ ማንም ለማንም ነፋስ መያዝ የለበትም። ቢሆንም ከኋላህ ልሁን። ፍጥነቱን አንተ ያዝ፣ እኔ ሱታ ስትለኝ እሰማለሁ። ሠላሳው ላይ ቦግ ብዬ ከጠፋሁ ዞረህ አትጠብቀኝ፣ ሂድ። ያለው ሦስት ቦታ ነው። ምን እያልኩህ እንደሆነ አውቃለሁ።

ጩኮው ሣጥኔ ውስጥ አለ። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ እናንተ ቤት ይሄ ጾም የለም። ነገ መነሻው ላይ ይዤልህ እመጣለሁ፣ አልገምሰውም፣ ሁሉም ያንተ ነው።

አሁን ስማኝ። ተሬፋ ከቀትር በፊት ይደርስልሃል። ጊንጪ ቴሌ ሳይዘጋ ውረድና አምቦ የእትዬ ዘነበወርቅን ሻይ ቤት አገናኙኝ በላቸው። እኔ እዛው ስልኩ አጠገብ ነኝ፣ ጋሽ ሞቱማም ዝርዝሩን ይዞ እዛው ይመጣል፣ ቃል አስገብቼዋለሁ። እኔን ባታናግረኝ ግድ የለም፣ ስልኩን ለሱ አቀብላለሁ። «እሮጣለሁ» በለው፣ በቃ። በፈለግከው ቋንቋ በለው። ካልገባኝ እኔም አሁን እጠይቃለሁ።

ብቻ ደውል። ሳይመሽ ደውል!